ቡድኑ የማን ነው? የዩኒቨርሲቲ ክለቦች በከፊል ፕሮፌሽናል ሊጎች ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2009 የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ቲም ባዝ ከኮንፈረንስ ሳውዝ ሊግ ራሱን አግልሎ ፈረሰ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ አልነበረም። በ1999 በባዝ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ፣ አራት ጊዜ ወደ ላይ አድጎ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ሲቆጠር ስድስተኛው እርከን ላይ የደረሰ ክለብ ነበር። በ2002 የኤፍኤ ካፕ ዋናው ውድድር አንደኛ ዙር ገብቶ በማንስፊልድ ታውን 4 ለ 2 ሲሸነፍ፣ በዚያ ዙር የዩኒቨርሲቲ ቡድን ከታየ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ክለቡን ያፈረሰው አደረጃጀቱ ነው። ራሱን የቻለ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ስላልነበረ፣ በዚያ መልኩ ከቀጠለ ከደረሰበት እርከን በላይ ማደግ እንደማይችል ተነገረው። ዩኒቨርሲቲውም ከዚህ በላይ የማይወጣ ቡድን ይዞ ከመቀጠል መተውን መረጠ።

የዩኒቨርሲቲ ቡድን ከፊል ፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ክርክር ከዚያ በፊትም ነበር፣ ዛሬም አልበረደም። ተቃዋሚዎች ሦስት ነገር ያነሳሉ፦ ገንዘባቸው ከሌላው ጋር አይመጣጠንም፣ ደጋፊ የላቸውም፣ የአንድ ከተማ ወይም ሰፈር ክለብ ሊይዘው የሚገባውን ቦታ ይይዛሉ። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። እኔ ግን ቦታ አላቸው ባይ ነኝ፤ ያውም በአንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ። በሊጉ ውስጥ ያለው ቦታ በየዓመቱ በሚጸድቅ የዩኒቨርሲቲ በጀት ላይ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም። በቲም ባዝ ጉዳይ የሊጉ አስተዳዳሪዎች ያነሱት ጥያቄ፣ ማለትም የክለቡ ባለቤትና ተጠያቂ ማን ነው የሚለው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ጥፋቱ የተጠየቀበት ጊዜ ላይ ነው። አንድ ቡድን አራት እርከን ከወጣ በኋላ የሚነሳ ሳይሆን፣ ገና ወደ መጀመሪያው ሊግ ለመግባት ሲያመለክት በቅጹ ላይ መልስ ሊያገኝ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ተማሪዎች በእንግሊዝ እግር ኳስ እንግዳ አይደሉም። በ1848 ካምብሪጅ ውስጥ የተጻፉት ሕጎች በ1863 የእግር ኳስ ማኅበሩ ሲመሠረት ለወጣው የጋራ ደንብ ከመነሻዎቹ አንዱ ነበሩ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1874 ሮያል ኢንጂነርስን 2 ለ 0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን አንስቷል፤ በ1873፣ በ1877 እና በ1880 ደግሞ በፍጻሜው ተሸንፏል። ከሁሉ በላይ ለዛሬው ክርክር የሚጠቅመው ግን የፔጋሰስ ታሪክ ነው። ፔጋሰስ በ1948 የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተጫዋቾችን አንድ ላይ አድርጎ የተቋቋመ ቡድን ሲሆን፣ የአማተር ዋንጫን ሁለት ጊዜ ወስዷል፦ በ1951 ቢሾፕ ኦክላንድን 2 ለ 1፣ በ1953 ሃርዊች ኤንድ ፓርክስተንን 6 ለ 0 በመርታት። ሁለቱም ፍጻሜዎች የተካሄዱት በዌምብሌይ 100,000 ተመልካች ፊት ነው። የተማሪ ቡድን ሰው አይስብም የሚል ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ግን ፔጋሰስ በ1963 አካባቢ አብቅቷል። ገና ከመነሻው ያስቸገረው፣ ተጫዋቹ ከተመረቀ በኋላ ለአንድ ዓመት ብቻ መጫወት ይችላል የሚለው የራሱ ደንብ ነበር። ደንቡ ከተነሳ ቡድኑ የተማሪነት ባሕርዩን ያጣል፤ ከጸና ደግሞ በየዓመቱ ቡድኑ ይበተናል። የራሱ ሜዳና ሊግም አልነበረውም። የዛሬዎቹ የዩኒቨርሲቲ ክለቦች የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው፤ መልኩ ብቻ ነው የተለወጠው።

አሁን ገንዘቡን እንይ፤ ቅሬታው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከፊል ፕሮፌሽናል የሚባለው ተጫዋች ቀን ሌላ ሥራ አለው፤ በሳምንት ሁለት ማታ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ይጫወታል፣ ክለቡ በሳምንት የተወሰነ ፓውንድ ወይም የትራንስፖርት ወጪ ይከፍለዋል። ለስሌት ያህል 100 ፓውንድ በሳምንት እንበል። ውድድሩ 38 ሳምንት ቢወስድ 3,800 ፓውንድ ይሆናል። በእንግሊዝ ለአገር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከፍተኛው የትምህርት ክፍያ በ2025/26 በዓመት 9,535 ፓውንድ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ተጫዋች ግማሹን ብቻ ቢተውለት እንኳ 4,767 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ሰጠው ማለት ነው፤ ከጎረቤቱ ክለብ ሳምንታዊ ክፍያ ይበልጣል። በዚያ ላይ ማደሪያ፣ ጂም፣ ፊዚዮቴራፒና ሰው ሰራሽ ሜዳ አለ። የሰፈሩ ክለብ ለልምምድ ሜዳ በሰዓት እየተከራየ የሚሠራውን፣ የዩኒቨርሲቲው ቡድን በራሱ ግቢ በነፃ ይሠራል። በክለቡ ሒሳብ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ የተጫዋች ክፍያ በሚለው መስመር ዜሮ ይጻፍና ቡድኑ «አማተር» ይባላል። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ይህን ሲያነሱ ትክክል ናቸው።

የገንዘቡ ሌላኛው ገጽ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዩኒቨርሲቲው ቡድን የሚይዘው ለዋንጫ ብሎ አይደለም፤ ተማሪ ለመሳብ ነው። 24 ተጫዋቾች ሙሉ ክፍያ ቢከፍሉ በዓመት 228,840 ፓውንድ ያስገባሉ። ከእነሱ ግማሾቹ ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጡት በእግር ኳሱ ምክንያት ብቻ ከሆነ፣ ቡድኑ በዓመት 114,420 ፓውንድ አመጣ ማለት ነው። በዝቅተኛዎቹ እርከኖች አንድ ክለብ በዚህ ገንዘብ ደህና ዓመት ያሳልፋል። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ክፍል ቡድኑ የቅበላ መሣሪያ ነው። አደጋውም እዚሁ ጋ ነው። የቅበላ ስሌት በየዓመቱ ይለወጣል። አንድ ዓመት የዓመታዊ ተማሪ ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ ወይም አዲስ ፕሬዝዳንት መጥቶ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር ሲቀየር፣ ሲደመር የነበረው መስመር በአንድ ስብሰባ ይሰረዛል። ቲም ኖርዘምብሪያ ኒውካስል ውስጥ ለዓመታት በኖርዘርን ሊግ ሲጫወት ቆይቶ በ2018 የጠፋው ዩኒቨርሲቲው ድጋፉን ስላቆመ ነው። የሰፈር ክለብ ስፖንሰር ሲያጣ ይቸገራል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ደጋፊው ገንዘብ ያዋጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነ ቡድን ግን በጀቱ ሲዘጋ የሚያዋጣለት ሕጋዊ አባል እንኳ የለውም።

የሌሎቹ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ክለብ በውድድር ዘመን መሃል ሲወጣ፣ በአብዛኛው ያስመዘገበው ውጤት በሙሉ ከሰንጠረዡ ይሰረዛል። እሱን ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ያጣል፣ በእሱ የተሸነፈ ምንም አያጣም፤ ወራጁና አዳጊው በሌላ ሰው በጀት ይወሰናል። የውድድር ዘመኑ አልቆ ሲወጣ ደግሞ ሊጉ ምደባውን እንደገና ይሠራል፤ ከግርጌ መውረድ የነበረበት ቡድን ይተርፋል፣ ሌላው ወደማያውቀው አውራጃ ይመደብና የጉዞ ወጪው ይጨምራል።

ከገንዘቡ ቀጥሎ ያለው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ከሊጉ ውጭ ያለ ሰው ይህን አቅልሎ ያያል። ከናሽናል ሊግ በታች ያሉት ሊጎች የሚጀምሩት በነሐሴ ወር ነው፤ የኤፍኤ ካፕ የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎችም በዚያው ወር ይካሄዳሉ። አዲስ ተማሪዎች ግቢ የሚገቡት ግን በመስከረም መጨረሻ ነው። በ22 ክለብ ምድብ ውስጥ 42 የሊግ ጨዋታ አለ። ተማሪዎቹ ገብተው፣ ተመዝግበው፣ ከቡድኑ ጋር እስኪላመዱ ድረስ ስምንት ወይም አሥር ጨዋታ አልፏል፣ የዋንጫ ማጣሪያውም በአብዛኛው አልፏል። ስለዚህ አሰልጣኙ የነሐሴውን ቡድን የሚሠራው ካለፈው ዓመት በቀሩ፣ በከተማው ቤት ተከራይተው በሚኖሩ ተጫዋቾች ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ለእነዚህ ሰዎች የግቢ የበጋ ሥራ፣ ለምሳሌ የሕፃናት ካምፕ አሰልጣኝነት ወይም የሜዳ እንክብካቤ፣ ያላመቻቸ ክለብ ውድድሩን በዘጠኝ ሰው ይጀምራል።

ቀጥሎ ረቡዕ አለ። የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች የእርስ በርስ ውድድር፣ በምህጻሩ ባክስ፣ የሚካሄደው ረቡዕ ከሰዓት ነው። የሊጉ የሳምንት መሃል ጨዋታ ደግሞ በአብዛኛው ማክሰኞ ማታ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያለው ቅዳሜ 37 ገደማ ነው፤ 42 የሊግ ጨዋታ፣ ከዚያ ኤፍኤ ካፕ፣ ኤፍኤ ትሮፊ ወይም ቬዝ (ለዝቅተኛ እርከን ክለቦች የሚዘጋጁ ዋንጫዎች)፣ የአውራጃው ዋንጫ ሲጨመር ከ50 ያልፋል። አሥራ ምናምኑ የግድ ማክሰኞ ይውላል። ተጫዋቹ ማክሰኞ ማታ 90 ደቂቃ፣ ረቡዕ ከሰዓት 90 ደቂቃ፣ ቅዳሜ 90 ደቂቃ ቢጫወት፣ በኅዳር ወር የጭን ጡንቻው መጎዳቱ አይቀርም። ይህን በአንድ ስብስብ መወጣት አይቻልም። ሁለት ስብስብ ያስፈልጋል፦ ለሊጉ 22 ያህል፣ ለረቡዕ ሌላ 20 ያህል፤ በሁለቱ መሃል የሚመላለሱት ከአምስት ስድስት ባይበልጡ ይመረጣል። ማን የት እንደሚጫወት የሚወስነውም አንድ ሰው መሆን አለበት። ሁለቱ አሰልጣኞች እየተሻሙ የሚመርጡበት ቡድን ውስጥ የሚጎዳው ሁልጊዜ ምርጡ አማካይ ነው፤ ሁለቱም ይፈልጉታልና።

ገና ሲመጣ ሌላ ፈተና አለ። ግቢው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ይዘጋል፤ ተማሪው አገሩ ይገባል። ሊጉ ግን በገና ማግስት የአካባቢ ደርቢ ያዘጋጃል፤ ለተጋጣሚው ክለብ የዓመቱ ትልቁ የበር ገቢ ያ ቀን ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን «ይራዘምልን» ብሎ ቢጠይቅ ተስተካካይ ጨዋታው የካቲት ላይ በዝናባማ ማክሰኞ፣ በ60 ሰው ፊት ይካሄዳል። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ የሚቀርብ ከሆነ፣ ሌሎች ክለቦች የሚሰማቸው ምሬት ትክክለኛ ምሬት ነው። ሊግ ውስጥ የገባ ክለብ የሊጉን ቀን መጫወት አለበት። መፍትሔው ተጫዋች ሲመረጥ ይጀምራል፤ ከሊጉ ስብስብ ውስጥ ቢያንስ 14ቱ ቤታቸው ከሜዳው በአንድ ሰዓት ተኩል የመኪና ርቀት ውስጥ መሆን አለበት፤ ለሌሎቹ ደግሞ በእረፍቱ ወቅት የሚዘጋው ማደሪያ እንዲከፈትላቸው ከጥቅምት ጀምሮ ከማደሪያ አስተዳደሩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 10 ላይ የሚጀመር ንግግር ዋጋ የለውም፤ ሠራተኞቹ የማሞቂያና የጥበቃ መርሃ ግብራቸውን ቀድመው ዘግተዋል።

ጥርና ግንቦት ፈተና ነው። ስለዚህ ብዙ አላትትም፤ የፈተና ቀን ቀድሞ ስለሚታወቅ በመርሃ ግብር የሚፈታ ነገር ነው።

የስብስብ መፍረስ ግን እንዲህ አይፈታም። የእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው። 24 ተጫዋች ያለው ቡድን በየዓመቱ ስምንቱን ያጣል፤ ያውም በሊጉ ልምድ ያካበቱትን ስምንት። የ18 ዓመት ልጅ ከአካዳሚ ወጥቶ መጥቶ ኳስ መጫወት ይችል ይሆናል፤ በስቴፕ 4 (ከናሽናል ሊግ ሲቆጠር አራተኛው እርከን) ደረጃ ያለን የ32 ዓመት የመሃል ተከላካይ በማዕዘን ምት ላይ እንዴት እንደሚገፋ፣ ዳኛው ምን እንደሚያልፍ፣ በ85ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየመሩ ኳሱን የት እንደሚያቆዩ ግን አያውቅም። ይህን የሚማረው በመሸነፍ ነው፣ ሲማር ደግሞ ይመረቃል። የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ ተሸንፈው በሁለተኛው የሚያሸንፉት፣ በቆሙ ኳሶች ብዙ ግብ የሚቆጠርባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሚጸኑት ቡድኖች ከግብ ጠባቂው እስከ አጥቂው ባለው የመሃል መስመር ላይ አራት ወይም አምስት የማይመረቁ ሰዎች አሏቸው፦ ማስተርስ የሚማር፣ በስፖርት ክፍሉ የተቀጠረ፣ ተመርቆ በከተማው የቀረ።

የምዝገባውም ጉዳይ ያናድዳል። በእነዚህ እርከኖች አብዛኛው ተጫዋች ኮንትራት የለውም። ኮንትራት የሌለውን ተጫዋች የሚፈልግ ክለብ ለያዘው ክለብ የሰባት ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲያልፍ ተጫዋቹን ያነጋግረዋል። የዩኒቨርሲቲ ክለብ ያሳደገው አጥቂ በኅዳር 12 ግብ ሲያገባ፣ በታኅሣሥ ጎረቤቱ ክለብ በሳምንት 150 ፓውንድ ይዞ ይመጣል፤ ልጁም ትምህርቱን እዚያው እየተማረ፣ ጂሙን እዚያው እየተጠቀመ፣ ቅዳሜ ለሌላው ይጫወታል። ስለዚህ ገንዘብ አላቸው የሚባሉት ቡድኖች ተጫዋች በመያዝ ረገድ ደካሞቹ ይሆናሉ። የነፃ ትምህርት ስምምነቱ ላይ ቅዳሜ ለማን እንደሚጫወት በግልጽ ካልተጻፈ፣ ክለቡ ለተፎካካሪዎቹ ማሰልጠኛ ሆኖ ይቀራል።

ከውጭ አገር ስለመጡ ተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። በብሪታኒያ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በፕሮፌሽናል ስፖርተኛነት መሥራት አይፈቀድለትም፤ የስደተኞች ሕጉ ለዚያ የሰጠው ትርጉም ደግሞ ሰፊ ነው፣ ከፊል ፕሮፌሽናሉንም ይጨምራል፤ ክፍያው በዓይነት ቢሆን እንኳ ይቆጠራል። የረቡዕ ውድድር ላይ የሚጫወት ልጅ ቅዳሜ በሊጉ ቢሰለፍ ቪዛውን ሊያጣ ይችላል። የተጫዋች ምዝገባ ቅጹ ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲው የቪዛ ክፍል በጽሑፍ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። አሰልጣኝ በቃል «ችግር የለውም» ብሎ የሚያልፈው ነገር አይደለም፤ ቅጣቱ የሚያርፈው በልጁ ሕይወት ላይ ነው።

ደጋፊን በተመለከተ፣ ቅሬታው ከሚመስለው በላይ የገንዘብ ቅሬታ ነው። በሊግ ጨዋታ የበሩን ገቢ የሚይዘው ባለሜዳው ክለብ ነው። የከተማ ክለብ ሲመጣ 50 ደጋፊ ይዞ ይመጣል፤ መግቢያው 8 ፓውንድ ቢሆን 400 ፓውንድ ነው፣ ቡናና ቢራው ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲመጣ አንድ አውቶቡስ ተጫዋችና ሦስት ወላጅ ይመጣል። በ21 ተጋጣሚዎች ውስጥ ሦስቱ እንዲህ ቢሆኑ የባለሜዳው ክለብ በዓመት ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ያጣል። ለስቴፕ 5 ክለብ ይህ የዳኞች ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ ነው።

በራሳቸው ሜዳም ቢሆን ሰው ለምን እንደማይመጣ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሜዳው ከከተማው ጫፍ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ አውቶቡሱ ይቀንሳል፤ የመኪና ማቆሚያው በካርድ ይሠራል፤ ቡና ቤቱ የተማሪዎች ማኅበር ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፣ ክፍት ቢሆንም ገቢው ለክለቡ አይደርስም። ተማሪው ራሱ የቡድኑን መኖር አያውቅም። የመሠረተ ልማት መስፈርቱን፣ ማለትም ፓውዛውን፣ በሜዳው ዙሪያ ያለውን መከለያ፣ ሽፋን ያለውን መቀመጫ፣ የታጠረውን ቅጥር፣ ለማሟላት ብዙ ገንዘብ ያወጣ ዩኒቨርሲቲ፣ ቅዳሜ ሁለት ተጨማሪ አውቶቡስ ለማሰማራት አያስብም። ቲም ባዝ በኋለኞቹ ዓመታት የባዝ ሲቲን ትዊርተን ፓርክ ተጋርቶ ተጫውቷል። ሜዳው መስፈርት ያሟላል፣ ግን የሌላ ክለብ ቤት ነው፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሜዳ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክለብ አጠገብ አዲስ ደጋፊ ማፍራት እንደማይቻል መገመት ከባድ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ቆጥሬ ለምን ቦታ አላቸው እላለሁ? ስለሠሩት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን በ1979 የአየርላንድን ሊግ ተቀላቀለ። ዶክተር ቶኒ ኦኒል ያስጀመሩት የነፃ ትምህርት ዘዴ ቀላል ነበር፦ እንግሊዝ ሄደው ሊጠፉ የሚችሉ ወጣቶች እዚያው እየተማሩ በአገራቸው ከፍተኛ ሊግ እንዲጫወቱ ማድረግ። በ1984 ሻምሮክ ሮቨርስን በድጋሚ ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ ወሰዱ፤ የየአገሩ ዋንጫ አሸናፊዎች በሚጫወቱበት የአውሮፓ ካፕ ዊነርስ ካፕ የእንግሊዙ ኤቨርተን ደረሳቸው። ደብሊን ላይ 0 ለ 0 ተለያዩ፣ በኤቨርተን ሜዳ ጉዲሰን ፓርክ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ያ ኤቨርተን በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫውን ያነሳ ቡድን ነው። በ2015 ደግሞ በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ የሉክሰምበርጉን ዱደላንዥን ጥለው አልፈዋል። ብዙ ጊዜ ወርደዋል፣ ብዙ ጊዜ አድገዋል፤ ተመልካቻቸው ሁልጊዜም ጥቂት ነው። ግን ከአርባ ዓመት በላይ በሊጉ ቆይተዋል፤ የሊጉ ቦታ ለእነሱ የአንድ ሰው ፕሮጀክት አልነበረም።

የዌልሱ ካርዲፍ ሜትሮፖሊታን የበለጠ ያስተምራል። አመጣጡ ከነባር ክለብ ጋር በመዋሐድ ነው፤ በ2000 ኢንተር ካርዲፍ ከዩኒቨርሲቲው ቡድን ጋር ተቀላቀለ። በ2016 ወደ ዌልስ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2019 የዌልስ ሊግ ካፕ የተባለውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሳ፤ በዚያው ዓመት ባላ ታውንን በመለያ ምት ጥሎ ለዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ አለፈ፤ በዚያም በአውሮፓ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሆነ። ከሉክሰምበርጉ ፕሮግሬስ ኒደርኮርን ጋር በደርሶ መልስ ተጫውቶ ከሜዳው ውጭ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ በሜዳው 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ሕግ ወደቀ። አሰልጣኙ፣ የቀድሞው የዌልስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤድዋርድስ፣ በዩኒቨርሲቲው መምህር ነበር። ተጫዋቾቹ ደሞዝ አልነበራቸውም፤ እንደማንኛውም የግቢ ስፖርተኛ የአባልነት ክፍያ ይከፍሉ ነበር። ስብስቡ ውስጥ ተማሪ፣ ተመራቂና ሠራተኛ አብረው ነበሩ፤ ከላይ ያልኩት የመሃል መስመር ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በሴቶች እግር ኳስ ታይቷል። ደርሃም ዊሜን የተመሠረተው የአካባቢው የሴቶች ክለብና ደርሃም ዩኒቨርሲቲ በሽርክና ነው። በዩኒቨርሲቲው ሜይደን ካስል ሜዳ እየተጫወተ በእንግሊዝ የሴቶች ሁለተኛ እርከን ላይ ቆይቷል። ስሙ የከተማው ነው፣ ሜዳው የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ሕፃናቱ የሚመጡት ከአካባቢው ክለብ ነው። አዲስ የሚጀምር ዩኒቨርሲቲ ቢጠይቀኝ ይህን እመርጥለታለሁ፤ ከዜሮ ቡድን ፈጥሮ ቦታ ከመሻማት፣ ሜዳ ያጣ ነባር ክለብ ፈልጎ መሸረክ ይሻላል። የላቲን አሜሪካዎቹ ትልልቅ ክለቦች፣ የሜክሲኮው ፑማስ፣ በ2008 ኮፓ ሊበርታዶሬስን የወሰደው የኪቶው ሊጋ፣ ዩኒቨርሲዳድ ዴ ቺሌ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተነስተው የሕዝብ ክለብ የሆኑ ናቸው፤ ግን ያ መንገድ አሥርት ዓመታትና ሌላ ዓይነት ሊግ የሚጠይቅ ስለሆነ ለስቴፕ 5 ምሳሌ አይሆንም።

እንግዲህ ሊጎች ምን ይጠይቁ? እንደ እኔ ከሆነ የመግቢያ ማመልከቻው ላይ አራት ሰነድ መኖር አለበት። መጀመሪያ የኩባንያ ምዝገባ ወረቀት፤ ክለቡ የራሱ የባንክ ሒሳብና የራሱ ዳይሬክተሮች ይኑሩት፣ ከእነሱ ቢያንስ ሦስተኛው እጅ ከዩኒቨርሲቲው ደሞዝ የማይቀበሉ ይሁኑ። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የበጎ አድራጎት ሕግ ስለሚገዛቸው፣ ገንዘባቸውን ተማሪ ላልሆነ ተጫዋች ደሞዝ ማዋል ያስቸግራቸዋል፤ የተለየ ኩባንያ መኖሩ ይህንንም ያቀልላል፣ የ32 ዓመቱን ተከላካይ ከትኬትና ከስፖንሰር ገቢ መቅጠር ያስችላል።

ሁለተኛው፣ የነፃ ትምህርቱንና የሜዳውን ዋጋ በፓውንድ የሚያሳይ ሒሳብ። ለ11 ተጫዋቾች ግማሽ ክፍያ ተትቷል ከተባለ 52,442 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ነው፤ ይጻፍ፣ ሌሎች ክለቦች ይዩት። ጠቡ ግማሽ በግማሽ የሚነሳው ቁጥሩ ስለማይታወቅ ነው።

ሦስተኛው የመርሃ ግብር ግዴታ ነው፤ በገና እረፍት ምክንያት አንድም ጨዋታ እንዲራዘም እንደማይጠይቁ።

አራተኛው ላይ ነው የምጸናው። ዩኒቨርሲቲው የሦስት ዓመት የገንዘብ ዋስትና በፊርማ ይስጥ፤ አንድ ተማሪ ጀምሮ የሚጨርስበት ጊዜ ስለሆነ ከዚያ ማነስ የለበትም። ዋስትናው በየዓመቱ በአንድ ዓመት ይታደስ፣ ሁልጊዜ ሦስት ዓመት ወደፊት የሚታይ እንዲሆን። ማቆም የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ እስከ ጥር 31 በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ሊጉ የሚቀጥለውን ዓመት ምደባ ከመሥራቱ በፊት፣ ተጫዋቾቹም ክለብ ለመፈለግ ጊዜ እያላቸው። ካስታወቀ በኋላ የሊጉ ቦታ ወደ ኩባንያው አባላት፣ ማለትም ወደ ተመራቂዎቹ፣ ወደ ደጋፊዎቹና ወደ አካባቢው ሰዎች ይተላለፍ፤ እነሱም ክለቡን በሌላ ስም መቀጠል ይችሉ ዘንድ ሜዳውን ለሁለት የውድድር ዘመን በነበረው ኪራይ የመጠቀም መብት በውሉ ይያዝላቸው። ዩኒቨርሲቲው አርማውንና ስሙን ይውሰድ። ፓውዛው፣ መልበሻ ክፍሉና ማክሰኞ ማታ ያለው የሜዳ ሰዓት ግን ለሁለት ዓመት የክለቡ ሆኖ ይቆይ።